ልጅሽን ማን አሳደገው?

እዚህ ጀርመን ልጄን መዋዕለ ሕፃናት ላስመዘግብ ሄድኩ። መምህርቷ ቅጽ ዘረጋችና ትጠይቀኝ ጀመር። ሲወለድ ስንት ኪሎ ነበር? መቼ በእግሩ ሄደ? እስካሁን ማን አሳደገው? ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ያውቃል? እናቱ ሆኜ መመለስ አቃተኝ። አፈርኩ።

ልጄን የስምንት ወር ሕፃን ሆኖ ነው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ እናቴ ጋ ትቼው የወጣሁት። በየሳምንቱ እደውል ነበር። «ልጁ ደህና ነው?» «ተመስገን፣ ወፍሯል!» በቃ። ብር ላክሁ፣ ልብስ ላክሁ። ምን እንዳመመው አልጠየቅኩም።

ማታ ደወልኩላት። «እማዬ፣ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ያውቃል?»

«ኧረ በስመ አብ! ሳሉ አልለቅ ሲለው እንጥሉን አስቆረጥኩት እንጂ።»

ዝም አልኩ። በየትኛው ምላጭ? ከእሱ በፊት ስንት ሕፃን በተቆረጠበት? ደም ቢፈሰውስ ኖሮ? ልቆጣት ግን አልቻልኩም። የኔንም ያስቆረጠችው እሷ ናት።

«የክትባት ካርዱስ?»

«ክትባቱን ከጨረሰ ወዲያ ምን ያደርጋል ብዬ… እንጃ ልጄ፣ የት እንደገባ።»

እዚህ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሕግ ወጥቷል። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ሁለት ጊዜ የኩፍኝ ክትባት መውሰዱን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለው አይቀበሉትም። እኛ አገር የመጀመሪያው በዘጠኝ ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ነው የሚሰጠው። ሁለቱም ከሄድኩ በኋላ ነው። ሐኪሙ ክንዱ ላይ የቢሲጂውን፣ የሳንባ ነቀርሳ ክትባቱን ጠባሳ አየ። ከአገር ቤት የቀረን ማስረጃ እሱ ብቻ ነው። ያልተጻፈ ክትባት እንዳልተሰጠ ይቆጠራል አለኝና እንደገና ተወጋ። «አያቴ ጋ ውሰጂኝ» እያለ አለቀሰ።

የጎረቤቴ ልጅ ቢጫ ደብተር አለው። ከተወለደበት ቀን እስከ አምስት ዓመቱ አሥር ምርመራ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ተጽፏል። ደብተሩን ሳይ ቀናሁ። እውነቴን ነው።

እህቴ ደብረ ብርሃን ላይ ዘንድሮ ልጇን ኬጂ አስገብታለች። የጠየቋት የልደት ካርድ፣ ፎቶና ክፍያ ነው። ልጅቷ አስም አለባት! መምህሯ አታውቅም። «ለምን አልነገርሻቸውም?» ብላት፣ «ማን ጠየቀኝ?» አለች። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። በዚያ ብርድ ልጅቷ ክፍል ውስጥ ትንፋሽ ቢያጥራት ምን ሊያደርጉ ነው? ለሦስት ዓመት ሕፃን ዩኒፎርሙን የሚለካ ሰው ሕመሙን መጠየቅ እንዴት ይረሳል?

በማግስቱ እናቴ ራሷ ደወለች። እንቅልፍ አልወሰዳትም መሰለኝ። በጥምቀት ዋዜማ ነው በእግሩ የሄደው አለች። ክረምቱን ሙሉ ያሳለው ከኩበቱ ጭስ ነው። ወተት ያስቀምጠዋል። ጨለማ ይፈራል፤ ጆሮውን ካልዳበሱት አይተኛም። እሷ እየነገረችኝ እኔ ጻፍኩ፣ ሁለት ገጽ ሞላ። ጠዋት ለመምህርቷ ሰጠኋት።

ሲወለድ የነበረው ኪሎ ግን ካርዱ ላይ ነበር። ቅጹ ላይ ቦታው አሁንም ባዶ ነው።