ጠላት ያልመጣበት ግንብ

በጣሊያን ቶስካና በሚባለው ግዛት ያለችው ሉካ የምትባል ከተማ ጎረቤቷን ፍሎረንስን ስለማታምን ዙሪያዋን በግንብ አጠረች። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተጀመረው ሥራ እስከ 17ኛው አጋማሽ ዘለቀ። የግንቡ ዙሪያ ከ4 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከፍታው 12 ሜትር ያህል ነው፤ ከስፋቱ የተነሣ ዛሬ አናቱ ላይ ዛፍ ተተክሎበት ሰው በብስክሌት ጎን ለጎን እያወጋ ይሄድበታል። መድፉ ተጠመደ፤ ዘቡ ቆመ፤ ፍሎረንስ ቀረች።

የምር የመጣ ጠላት ቢኖር የሰርኪዮ ወንዝ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1812 ሞልቶ ሲመጣ የከተማዋ በሮች ተዘግተው ውሃው ውጭ ቀረ። ገዥዋ የናፖሊዮን እህት ኤሊዛም ውጭ ቀርታ ስለነበር፣ በር ከሚከፈት ብለው በዕቃ ማንሻ አንጠልጥለው በግንቡ ላይ አሳልፈው አስገቧት ይባላል። ይህን ስሰማ እኔን ያሳሰበኝ የሻንጣዋ ነገር ነው።

ዛሬ ሉካን የሚከብባት ሠራዊት ባለ ሻንጣ ነውና። ጎማው በጥርብ ድንጋዩ መንገድ ላይ ሲንኳኳ ከጠዋት እስከ ማታ ከተማዋን ያስጨንቃታል። በሮቹ ግን ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ ማንነትህን የሚጠይቅ የለም። መኪና ይዞ ለሚገባ ብቻ አንድ ዘብ አለ፤ እሱም ካሜራ ነው። አይጮህም፣ አያስቆምም፤ ፎቶ አንሥቶ ይሸኛል። ቅጣቱ እንግዳው አገሩ ገብቶ ጉዞውን ለወዳጆቹ አውርቶ ከጨረሰ በኋላ በፖስታ ይደርሰዋል።

ታዲያ መከላከያው ወዴት ሄደ? እንደ እኔ ግምት ከግንቡ ወርዶ በየእንግዳ ማረፊያው ሰፍሯል። እኔ ያረፍኩበት ቤት አዛዧ ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው ሲኞራ፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ነበሩ። ፓስፖርቴን መጀመሪያ በመነጽር፣ ቀጥሎ ያለ መነጽር፣ በመጨረሻም ፎቶውን ከፊቴ አጠገብ ይዘው አዩት። በጣሊያን ሕግ አከራይ ያሳደረውን እንግዳ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማስመዝገብ አለበት። እንግዳ ያሳደረ ለቀበሌ የሚያሳውቅበትን ዘመን ያየ ሰው በዚህ አይደነግጥም። ቀጥሎ ከኪራዩ ውጭ በየሌሊቱ በነፍስ ወከፍ የሚከፈል የከተማ ግብር አለ። በእኛ አገር የመሸበት እንግዳ እግሩ ይታጠባል፤ እዚያ ማደሩ ራሱ ይቀረጣል።

ከዚያ ሦስት ቁልፎች ተሰጡኝ፤ የውጭው በር፣ የደረጃው በር፣ የክፍሉ በር። ሕንፃው ታሪካዊ ስለሆነ ሊፍት የለውም። ዋይፋይ አለው፤ ነገር ግን የድንጋዩ ግድግዳ መድፍ እንዲመክት ታስቦ የተሠራ ይመስላል፣ ዋይፋዩ ከኮሪደሩ አያልፍም። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አንድ ገመድ ተንጠልጥሏል። ብርሃን ፈልጎ የሳበው እንግዳ አደጋ የደረሰበት ሰው የሚጠራበት ደወል መሆኑን የሚረዳው ሲኞራዋ በሌሊት ልብሳቸው ደረጃውን ሲወጡ ነው። በበሩ ጀርባ ደንብ ተለጥፏል፦ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ጸጥታ፤ ቆሻሻ በአራት ቦታ ተለይቶ ይጣል፤ ሽታ ያለው ምግብ አይበሰልም።

ይህ የመጨረሻው ለእኔ የተጻፈ መሰለኝ። ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ ነበረ። የቶስካና ዳቦ ያለ ጨው እንደሚጋገር አስቀድሞ የነገረኝ ወዳጅ ስለነበረኝ ነው፤ ጨው የሌለው ዳቦ ደግሞ ጾም እንጂ ቁርስ አይሆንም። ሉካ ግን በምግብ ጉዳይ ቀልድ አታውቅም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 የከተማዋ አስተዳደር በግንቡ ውስጥ አዲስ የባዕድ አገር ምግብ ቤት እንዳይከፈት ከልክሏል፤ ነገሩ በማን ላይ እንዳነጣጠረ ሁሉም ገብቶት ነበር፣ በኬባብ ላይ። ለፍሎረንስ ጦር የተዘጋጀ ግንብ ተሰልፎ ተሰልፎ ሥጋ በሚጠብስ ሰው ላይ ዘመተ። የቶስካና ሰው በየወጡ የሚጨምረው ቲማቲም ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ እሱ በየትኛው በር እንደገባ ግን የጠየቀው የለም።

በርበሬዬን ሲኞራዋ ጠዋት ዳቦዬ ላይ አዩት። አሸተቱት፤ ሁለቴ አስነጠሱ፤ መድኃኒት መሆኑን ጠየቁኝ። «አዎ፣ ለሆድ ነው» አልኳቸው። በሕመም ጊዜ ሰው አይከለከልም ብለው አለፉኝ። ይቅር የማይሉት ከምሳ በኋላ ካፑቺኖ የሚያዝዘውን ብቻ ነው፤ እሱ እንኳን መድኃኒት፣ ቄስም አያድነውም ባይ ናቸው።

እኔ ከሩቅ በመምጣቴ ተርፌአለሁ። ቶስካና ውስጥ «ደጅ ላይ ፒሳዊ ከሚቆም ቤት ውስጥ ሬሳ ቢኖር ይሻላል» የሚል የቆየ ብሂል አለ። ጎረቤት ከተማዋ ፒሳ ደግሞ ከሉካ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ቁርስ ላይ እያለን ስልክ ጠራ፤ ሲኞራዋ አነሡት፤ ትንሽ አዳመጡ፤ ከአነጋገሩ ከየት እንደሆነ ለዩት።

«አዝናለሁ ልጄ፣ ሞልቷል» አሉና ዘጉት። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ የአራት ክፍል ቁልፍ ተሰቅሏል። ወደ እኔ ዞረው፣ «ካስፈለገህ ሌላ ሌሊት ጨምር፤ ቦታ በሽ ነው» አሉኝ።