«ጋዜጣ ላይ ወጥቷል እኮ!»

አገር ቤት ሳለሁ ስለ አንድ ኩባንያ ስንጨቃጨቅ ክርክሩን የሚዘጋው «ጋዜጣ ላይ ወጥቷል እኮ!» ነበር። ብሎግማ ወሬ ነው። ውጭ ከመጣሁ በኋላ ይህን እምነቴን መጀመሪያ የነቀነቀው የብስክሌት መቆለፊያ ነው።

በ2004 (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው) የክሪፕቶናይት ጠንካራ መቆለፊያ በተራ ቢክ እስክሪብቶ እንደሚከፈት ታወቀ። የእስክሪብቶውን ቂጥ ክብ ቀዳዳው ውስጥ ትከታለህ፣ ገፋ አድርገህ ታዞራለህ፣ በቃ። ነገሩን ብስክሌተኞችና ብሎገሮች ተቀባበሉት። ትልልቆቹ ጋዜጦች የደረሱት ከቀናት በኋላ ነው። ኩባንያውም መቆለፊያዎቹን በነፃ ለመለወጥ ተገደደ።

ብሎግ ይበልጣል ልል ስል ደግሞ የቴክኖሎጂ ብሎጉ ኤንጋጄት ትዝ ይለኛል። በግንቦት 2007 «አይፎን ይዘገያል» የሚል ኢሜይል ደረሰው፤ ወዲያው ለቀቀው። ኢሜይሉ የውሸት ነበር። የአፕል የገበያ ዋጋ በደቂቃዎች ውስጥ 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወርዶ ተመለሰ። በመሃል ደንግጦ የሸጠው ግን ሸጠ።

አሁንም ከአእምሮዬ የማይጠፋው ቴራኖስ ነው። ከጣት በምትወጣ ጠብታ ደም ብዙ ምርመራ እሠራለሁ ያለው ድርጅት። ፎርቹን መጽሔት በ2014 መሥራቿን ኤልዛቤት ሆምስን ሽፋኑ ላይ አወጣት። ነገሩ ያልተዋጠለት አንድ ፓቶሎጂስት (የላብራቶሪ ምርመራ ሐኪም) ጥርጣሬውን ብሎጉ ላይ ጻፈ። ሙያው ነዋ! ጠብታ ደም ምን እንደምትችልና ምን እንደማትችል ያውቃል። ግን ብቻውን ምን ያህል ይገፋዋል? ለዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጠኛው ለጆን ካሪሩ ጠቆመው። (ራሱ ጋዜጣው በ2013 በአስተያየት ገጹ አወድሷት ነበር።) ካሪሩ ወራት ፈጅቶ የቀድሞ ሠራተኞችን አናገረ፤ የኩባንያው ጠበቆች ቢያስፈራሩም ዘገባው በጥቅምት 2015 ወጣ። ሆምስ በ2022 በማጭበርበር ከ11 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደባት። ያ ብሎገር ባይጠረጥር ጋዜጠኛው ከየት ይጀምር ነበር? ጋዜጣው ጠበቃና ጊዜ ባይኖረው ደግሞ ጥርጣሬው እዚያው ብሎጉ ላይ ይቀር ነበር።

ባለፈው ወንድሜ ከአገር ቤት ስለ አንድ ኩባንያ ሁለት ጽሑፍ ላከልኝ፤ አንዱ የጋዜጣ፣ አንዱ የብሎግ። አክሲዮን ሊገዛ ነው። ጎን ለጎን አነበብኳቸው። ሁለቱም ላይ የተናገሩት ሥራ አስኪያጁ ብቻ ናቸው። ሠራተኛ የለም፣ ደንበኛ የለም። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ያለችው የፊደል ግድፈት እንኳን አንድ ናት። የኩባንያውን መግለጫ እንዳለ ገልብጠውታል።

ደውዬ ነገርኩት።

«ሁለት ቦታ ወጥቷል እኮ!» አለኝ።