ዓይኑ ሳይገለጥ

ደሴ ውስጥ ስለ ውሻ የማያውቅ ሰው የለም። ፒያሳ ቡና እየጠጣችሁ ወይም ሸዋ በር ታክሲ እየጠበቃችሁ "ቡችላ ላሳድግ አስቤያለሁ" በሉ። ወዲያው አምስት አዋቂ ይከባችኋል። የአምስቱም ምክር አንድ ነው፦ "ዓይኑ ሳይገለጥ አምጣው!"

እንዴት ያለ ጥበብ ነው! ቡችላ ዓይኑን የሚገልጠው በተወለደ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ጆሮውም የሚሰማው ከዚያ ወዲያ ነው። እንግዲህ ሳያይና ሳይሰማ ከእናቱ ጉያ መንጭቀው ሲወስዱት፣ የወሰደውን ሰው ጌታዬ ይላል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም አይደል የሚባለው? ሌሊቱን ሙሉ ማላዘኑ ናፍቆት ሳይሆን ጥበቃ መጀመሩ ነው።

የዚህ ጥበብ ሊቅ ጎረቤቴ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ "ጋሼ" ነው የሚላቸው። ቡችላቸውን ሲያመጡት ዓይኑ ገና መገለጡ ነበር። "ትንሽ ዘገየሁ" ብለው ተቆጭተዋል። የዘይት ካርቶን ውስጥ አሮጌ ሹራብ አነጠፉለት። በሰርዲን ቆርቆሮ የላም ወተት አቀረቡለት። እሱ ግን መላስ አያውቅም። አፍንጫውን ወተቱ ውስጥ ነክሮ ያስነጥሳል፣ እግሩ ይብረከረካል። የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል። ጋሼ በማጅራቱ አንጠልጥለው አፉን ከፈቱና ላንቃውን አዩ። "ጥቁር ነው! ይኼ ክፉ ይወጣዋል" አሉ።

ጥርስ ሲያወጣ ደግሞ ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ ተጀመረ። ቀን ቀን ጨለማ ውስጥ ይታሰራል። እንግዳ አያይም፣ ልጅ አይነካውም። ሰው የሚሆነው፣ ይቅርታ፣ ውሻ የሚሆነው እንደዚህ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። እኔ ያመጣሁት የአራት ወር ጎረምሳ ነው። ኮምቦልቻ ዘመዴ ቤት፣ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲላፋ ያደገ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ይባስ ብዬ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስወጋሁት። ክትባቱ የሚሰጠው ሦስት ወር ሲሞላው ነው፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ ይደገማል። የእንስሳት ሐኪሟ "ቡችላ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አይለይ፣ ቢያልፈውም ግድ የለም" አለችኝ። ለካ ስለ ውሻ የማያውቅ ሰውም አለ!

በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ደሴ ስንወጣ ጭኔ ላይ ሁለቴ አስመለሰብኝ። ረዳቱ "የውሻውንም ሂሳብ ትከፍላለህ" አለኝ። ከፈልኩ።

ጋሼ በር ላይ ተቀበሉን። ከጆሮው እስከ ጅራቱ አዩት። "ይኼማ ሽማግሌ ነው! አይለምድህም ልጄ። በል መልሰው።"

እውነታቸውን ነው። ሁለት ቀን ከአልጋ ሥር አልወጣም። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ኮምቦልቻ ከደሴ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ትላለችና ብርዱም አዲስ ሆነበት። በሦስተኛው ቀን ግን ተንፏቆ ወጣና ጫማዬ ላይ ተኛ። ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ሌሊት አያላዝንም። የተሰጠውን ፍትፍት ልሶ ይተኛል። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን አለመንከሱ ነው። ልጄ እጇን አፉ ውስጥ ስትከት ጥርሱን ያላላል። ይኼን ስንፍና ያስተማሩት ወንድሞቹ ናቸው። ቡችሎች ሲላፉ አንዱ አጥብቆ ከነከሰ ሌላው ይጮኻል፣ ጨዋታውም ይፈርሳል። እናትየውም ትቆጣለች። እንዲህ እንዲህ እያለ የንክሻን ልክ ያውቃል።

ለነገሩ ጋሼ ትክክል የሚሆኑበት መንገድ ነበረ። ቡችላ ሰውን፣ ድምፅንና መንገድን በደንብ የሚለምደው ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ነው። የኔው ያንን ጊዜ ያሳለፈው በዘመዴ ልጆች እግር ሥር፣ ቡና ሲወቀጥ እየሰማ፣ ፍየል እያባረረ ነው። ጨለማ ቤት ታስሮ አራት ወር ቢሞላው ኖሮ፣ እውነትም ሽማግሌ ነበር።

የጋሼ ውሻ ከዚህ ሁሉ ጉድ ተርፏል። ወንድም አላየም፣ ልክም አያውቅ። ባለፈው የልጅ ልጃቸውን ነከሰ። ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥበን ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን። ልጁ ሲወጋ ጋሼ ኩራት ኩራት እያላቸው፣ "ክፉ ይወጣዋል ብዬ አልነበር?" አሉ።

አሁን ውሻቸው አድጓል። ማታ ማታ ይፈታል፣ ለማንም ፊት አይሰጥም። ትናንት ጋሼ ከለቅሶ አምሽተው መጡ። ሦስት ሰዓት አልፏል። አዲስ ጋቢ ለብሰዋል፣ መብራት ጠፍቷል። ውሻው በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን አወጣ።

"እኔ ነኝ!" ይላሉ ከአጥሩ ውጪ። "እኔ ነኝ እኮ፣ አንተ!"

ዳቦ ወረወሩለት። ዳቦውን በላና መጮኹን ቀጠለ።

የኔው ሽማግሌ ድምፃቸውን ለይቶ፣ በአጥሩ ቀዳዳ አፍንጫውን አሹልኮ፣ ጅራቱን ይቆላላቸው ነበር።