እስቲ ጀርባውን!

ብርድ ልብሱ አልቋል። ይህን ለሰው ሁሉ ከተናገርኩ ስድስት ወር አለፈኝ።

የጀመርኩት ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ያረገዘች ጊዜ ነው። እኔ ደሴ ነኝ፤ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ሐምሌ ላይ ጋቢ ተደርቦ በሚተኛበት ሰፈር። ኮምቦልቻ ከዚህ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ግን የሐረጎን መንገድ ቁልቁል ወርዶ የጨረሰ ሰው ሹራቡን እያወለቀ ነው የሚገባው። ለዚያ አገር ሕፃን የሱፍ ብርድ ልብስ ምን ያደርጋል? ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ኪሮሽ የያዘ እጅ ምክንያት አያጣም።

ንድፉን ያየሁት ዩቲዩብ ላይ ነው። ትንንሽ ካሬዎች፣ እያንዳንዳቸው ባለ አራት ቀለም፣ መጨረሻ ላይ ይገጣጠማሉ። 48 ካሬ ሠራሁ። ታዲያ ቀለም በተቀየረ ቁጥር ክር ይቆረጣል። ሲጀመር አንድ ጫፍ፣ ሲያልቅ አንድ ጫፍ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አራት ቀለም፣ ስምንት ጫፍ። ስምንት በ48 ብዬ ስልኬ ላይ ብመታው 384 አለኝ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። ያው ነው። የተገጣጠመበትን ክር ሳልጨምር ነው እንግዲህ።

ከፊት ሲያዩት ያምራል። ሲገለብጡት ግን ፂሙን ያስረዘመ ፍየል ነው።

በእኛ ሰፈር ደግሞ የእጅ ሥራ ከፊቱ አይታይም። ከግድግዳ ማዶ ያሉት እትዬ (ስማቸውን ብጠራ ቡናው ይቀርብኛል) መጀመሪያ "ማሻአላህ" ይላሉ፤ ከዚያ እጃቸው ወደ ጀርባው ይሄዳል። ዳንቴል አዋቂ ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም። የድሮው ቴሌቪዥናቸው ላይ የዳንቴሉ ሹል ጫፍ ስክሪኑ ላይ ወርዶ፣ ጎል መግባቱን የምናውቀው በጩኸቱ ነበር። ቴሌቪዥን ሲሳሳ ዳንቴሉ መቀመጫ አጣ። አሁን ዋይፋዩ ላይ ተነጥፏል። ኔትወርኩ ለምን እንደሚቆራረጥ እኔ እጠረጥራለሁ፤ እሳቸው አይጠረጥሩም።

"ፊቱንማ ማንም ይሠራዋል" አሉኝ። "እስቲ ጀርባውን!"

አዞርኩት። ዝም አሉ። እትዬ ዝም ካሉ ነገሩ ከባድ ነው።

"ይኼ ነው አልቋል የምትዪው?"

"ጫፉ ብቻ ነው የቀረው።"

"ሠርጉ አልቋል፣ ሙሽራዋ ብቻ ናት የቀረችው በይኛ!"

ዓይኑ ሰፋ፣ ጫፉ ደነዝ ያለ መርፌ ከሻሻቸው ጠርዝ መዘዙ። "ስንዝር ያህል አስተርፈሽ ነው የምትቆርጪው። በራሱ ቀለም ውስጥ አስገቢው። ወደ ቀኝ። አሁን ተመለሺ፣ ወደ ግራ። ደግሞ ወደ ቀኝ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያስገባሽው ክር በገባበት ይወጣል።" ሥራውን ሳብ ሳብ አደረጉና ትርፉን ቆረጡት። ጫፉ የት እንደገባ እኔ ራሴ ጠፋብኝ። ሁለት ደቂቃ ፈጀ። አሁንም ስልኬን አወጣሁ፤ 384 ጫፍ በሁለት በሁለት ደቂቃ፣ 12 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ይፈጃል። ያለ ቡና፣ ያለ ሽንት።

ለነገሩ ጫፍ መሸጎጥ ያቃተን በክር ብቻ ነው? እንግዳ ስንሸኝ እዩን። "በቃ ልሂድ" የሚባለው ሶፋ ላይ ነው። በሩ ላይ ሌላ ወሬ ይጀመራል። አጥሩ ጋ "ውይ፣ ዋናውን ረስቼው!" ይመጣል። አስፋልቱ ድረስ እንሸኛለን፤ እዚያ ደግሞ የሰው የኩላሊት ሕመም እናነሳለን። ስልክ ስንዘጋም "እሺ... እሺ በቃ... እሺ፣ ቻው፣ ቻው፣ ቻው"። ስንዝር አይደለም፣ ክንድ ነው የምናስተርፈው።

አንድ ማታ ትዕግሥቴ አለቀ። ጫፎቹን ሁለት ሁለት እያደረግኩ ቋጠርኩና ከሥራቸው በመቀስ ከረከምኳቸው። በማግስቱ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

ልጁ በዳዴ እየሄደ ደረስኩ። ብርድ ልብሱን ሲያነጥፉለት አላየውም፤ ያየው አንዲት የተፈታች ቋጠሮ ነበር። ዳንቴል ከመጀመሪያው ቢስቡት አይተረተርም፤ የሚለቀው ከመጨረሻው ነው። ልጁ ይህን ማን እንደነገረው እንጃ። ሱፍ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ክር ደግሞ ሰው ሠራሽ ነው፤ ያሟልጫል እንጂ እርስ በርሱ አይያያዝም። ሳበው። አንድ ዙር ቀይ ሄደ። ሳቀ። ደግሞ ሳበው።

"ወዶታል!" አለች እህቴ። ከልቧ ነው።

ብርድ ልብሱን ይዤ ደሴ ተመለስኩ። መርፌውን ልዋስ እትዬ ቤት ስገባ ማድ ቤት ሽሮ ያማስላሉ። "አልጋው ሥር ካለው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከአልጋ ልብሱ ሥር" አሉኝ።

ሳጥኑን ከፈትኩት። ነጭ ዳንቴል፣ በድርብ አልጋ ልክ፣ በሙሽርነታቸው የሠሩት እያሉ የሚያወሩለት። እጄ ልማድ ሆኖበት ጀርባውን ገለበጠ። ፍየል ነው። ያውም ሽማግሌ ፍየል።

"አገኘሽው?" አሉኝ ከማድ ቤት።

"አገኘሁት እትዬ" አልኩና ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ አጠፍኩት።