ሰማይ በሪሞት

ባለፈው እሁድ የቤት ምረቃ ተጠርቼ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ «ቤት ለእንቦሳ!» አልኩ። «እንቦሳ እሰሩ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መለሰልኝ። ድምፁን ሰማሁት እንጂ ሰውየው አልታየኝም። ጨለማ ነው። ሰዓቱ ደግሞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። እንቦሳዋ የምር ብትመጣ ኖሮ ግድግዳ እየዳበሰች ነበር የምትገባው።

ቤቱን ታውቁታላችሁ። በየሰፈሩ አለ። ጂ ፕላስ ቱ ነው፤ ፊቱ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ መስታወት፤ መስታወቱ የዞረው ወደ ምዕራብ። ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ እንደ ምጣድ ይግላል። ስለዚህ ከመስታወቱ ኋላ ስስ መጋረጃ፣ ከስሱ ኋላ ወፍራም መጋረጃ ይጋረዳል። ከዚያ መብራት ይበራል። አድናቆቴን መደበቅ አልችልም። በብሎኬት ማጨለምማ ማንም ይችላል። ግድግዳውን በውድ መስታወት ከፍቶ በውድ ጨርቅ መልሶ መድፈን ግን ደህና ኪስ ይጠይቃል።

መስታወቱስ ይሁን። ጉዱ ያለው ኮርኒሱ ላይ ነው።

ኮርኒሱ ላይ ሰማይ አለ። እውነቴን ነው። የታተመ ሰማይ፣ ከኋላው መብራት የተገጠመለት። ነጫጭ ደመና አለው። ጥግ ላይ ሁለት ርግቦች ይበራሉ፤ የአንደኛዋን ጭራ የጂፕሰሙ ጠርዝ ቆርጦታል። አባወራው ሪሞቱን ከኪሱ አወጣና «ይሄ ጠዋት ነው» አለን። ነጋ። «ይሄ ደግሞ ማታ።» መሸ። እንግዳው ሁሉ አንጋጦ አፉን ከፍቷል። አንድ ሽማግሌ ሳያስቡት አማተቡ። ትንሹ ልጅ «ባባ፣ ሐምራዊውን!» ብሎ ጮኸ፤ ሰማዩ ሐምራዊ ሆነ። ክትፎው ቀረበ፤ በሐምራዊ ሰማይ ሥር ክትፎ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ሰማዩም ጠፋ፣ ርግቦቹም ጠፉ። «ጄኔሬተር! ኧረ ጄኔሬተሩን አስነሱ!» ተባለ። ዘበኛው ሮጠ። ሰማዩ ናፍጣ እስኪጠጣ ድረስ እኛ በዳበሳ ጎረስን። እዚያው መጋረጃው ኋላ ናፍጣ የማትጠይቅ ፀሐይ ቆማለች። ልግለጠው ብዬ ብድግ ስል እማወራዋ ደነገጠች። «ኧረ ተው ወንድሜ፣ ሶፋው ይደበዝዛል!»

እንዲህ ያለ ቤት በድንገት አይሠራም። አርክቴክት ነበረው። ምስኪኑ ልጅ ግቢውን ሁለት ቀን ዞሮ፣ አጥንቶ መጣ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት አለ። ፀሐይዋ በክረምት በሰሜን፣ በበጋ በደቡብ ታዘነብላለች፤ መስኮቱን በእነዚህ ብንከፍት ጣሪያውን ትንሽ አውጥተን እንቆጣጠራታለን። ከምዕራብ ግን ዝቅ ብላ ዓይን ውስጥ ትገባለች አለ። በረንዳ አምጡ አለ፤ እነ ጣይቱ ሆቴል ከመቶ ዓመት በላይ የኖሩበትን በረንዳ። ዝግባውንም አንቁረጠው፣ ቤቱ ይዙረው አለ። አባወራው በትዕግሥት ሰማና ስልኩን አውጥቶ የዱባይ ቪላ አሳየው። «እንደዚህ አርግልኝ።» ዱባይ በሞቃት ወራቷ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች፤ ሰው ቤቱን ዘግቶ በኤሲ ቢኖር አይፈረድበትም። እኛስ ከማን እናንሳለን?

ዝግባው ቅጠሉ ግቢ ያቆሽሻል ተብሎ ተቆረጠ። በቦታው የፕላስቲክ ሳርና የፕላስቲክ ዘንባባ አለ። ሠራተኛዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅጠሎቹን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች።

እዚህ ላይ ግን ቀልዱ ይቅርብኝ። ከአጥሩ ማዶ አንዲት እናት አሉ። ጭቃ ቤታቸው ከሰፈሩ ፎቆች ሁሉ በፊት የነበረ ነው። በርበሬያቸውን ግቢያቸው ውስጥ ያሰጡ ነበር። ዛሬ ጠዋት ጠዋት ፎቁ ፀሐያቸውን ይጋርዳል፤ ከሰዓት ደግሞ መስታወቱ መልሶ ዓይናቸው ላይ ይወረውርባቸዋል። በርበሬው ሻገተባቸው። አሁን የሚያሰጡት መንገድ ዳር ነው፣ ከሚኒባስ አቧራ ጋር። አንድ ሰው «እማማ፣ ብንጋርድብዎ ምን ይሆናሉ?» ብሎ አልጠየቃቸውም። ይህ ንጥቂያ ነው። የሰው ፀሐይ ቀምቶ፣ የቀሙትንም በመጋረጃ መድፈን! እንዴት ያለ ጥጋብ ነው?

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ቡናው ኋላ ሰርቪሱ ደጅ ላይ ነው የሚፈላው። ትልቁ ቤት ውስጥ ዕጣን ክልክል ነው፤ ሰማዩ ይጠቁራል። ሄድን። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በርጩማ፣ ፀሐይ። የልጆቹ ደብተርም፣ የእማወራዋ ነጠላም፣ ቴሌቪዥኑም ለካ እዚያ ነው። ቤተሰቡ የሚውለው እዚያ ነው።

አባወራው ኮቱን አወለቀ። ጫማውንም አወለቀና እግሩን ፀሐይዋ ላይ ዘረጋ። ሪሞቱ ከኪሱ ብቅ ብሏል።

«እዚህ ይሻላል» አለኝ ስኒውን እየተቀበለ። «አየር አለው።»