አንቱ የተባለ ጭልፊት

ርግብ መስኮት ጠርዝ ላይ ስታርፍ ምን እንደምንላት የታወቀ ነው። «እሽ!» እንላታለን። እጃችንን እናወናጭፍባታለን። አልሰማም ካለች የብረት እሾህ ገዝተን ጠርዙ ላይ እንደረድራለን። በዚያው ሕንፃ፣ ጥቂት ፎቅ ከፍ ብሎ ጭልፊት ያረፈ ቀን ግን ሌላ ሰው እንሆናለን። ስልክ ይወጣል። ድምፅ ይቀንሳል። «ቀስ በሉ፣ እንዳይደነግጡብን» ይባላል። እሳቸው መሆናቸው ነው።

ሁለቱም ኪራይ አይከፍሉም። ሁለቱም ሳያስፈቅዱ ነው የገቡት። ሁለቱም ጠርዙን ያቆሽሻሉ። እንዲያውም የጭልፊቱ ይብሳል፤ ከኩሱ ሌላ የበላውን ላባና አጥንት ጭምር ነው ወደ ታች የሚለቅብን። በዘር ቆጠራም ብንሄድ ርግቧ የምታፍርበት ነገር የለም። የከተማ ርግብ ዝርያዋ ከገደል ነው። ፐሪግሪን የሚባለው ጭልፊትም የገደል ልጅ ነው። አገራቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። አንዷ ቀድማ ከተማ ገብታ «ቆሻሻ» ተባለች፤ ሌላው ዘግይቶ መጥቶ «ባለ ግርማ ሞገስ» ተባለ። እኔ እስከማየው ድረስ ልዩነቱ ጥፍር ነው።

ደግሞ እኮ የጠራናቸው እኛው ነን። ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ስንሠራ ለቢሮ የሠራን መስሎን ነበር። ለጭልፊት ግን ጥሩ ገደል ነው፤ ያውም ቀበሮ የማይወጣበት። ከሥሩ ርግብ እንደ ጉድ ይርመሰመሳል። ሌሊቱን ሙሉ መብራት ስለምናበራ፣ በጨለማ የሚሰደዱ ወፎች በከተማው ላይ ሲያልፉ እያየ ይለቅማል። የራት ሰዓቱን አራዝመንለታል። ከላይ ሲወረወር ፍጥነቱ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ እስካሁን ግን የቀጣው ትራፊክ የለም። ኒውዮርክ ውስጥ በድልድይና በሕንፃ ላይ ይፈለፍላል። ለንደን ውስጥ የፓርላማው ሕንፃ ላይ ሳይቀር ታይቷል፤ ያለ ምርጫ፣ ያለ ቅስቀሳ። በርሊን መናፈሻዎች ውስጥ ደግሞ ከጥልቅ ጫካ አይወጣም ይባል የነበረ የጭልፊት ዘመድ፣ ሰው በሥሩ ውሻውን እያናፈሰ፣ እሱ ከላይ ጫጩቶቹን ያበላል።

የፐሪግሪኑ ክብር ግን የቅርብ ጊዜ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲ የተባለውን ተባይ ማጥፊያ በየማሳው ስንረጭ፣ መርዙ ከነፍሳት ወደ ትንንሽ ወፎች፣ ከወፎቹ ወደ ጭልፊቱ ተሻገረ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የጭልፊቱ ዕንቁላል እግር ለማውጣት ጊዜ አላገኘም። ቅርፊቱ ሳስቶ እናቱ ስትታቀፈው ይሰበር ነበር። አሜሪካ ዲዲቲን እ.ኤ.አ. በ1972 ከለከለች። ፐሪግሪን እዚያው አሜሪካ ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት መዝገብ የተሰረዘው በ1999 ነው። በመካከሉ ሰዎች ጫጩቶቹን በእጃቸው እያሳደጉ ይለቁ ነበር። መጀመሪያ እንመርዛለን፣ ከዚያ እንደ ሞግዚት እናጎርሳለን። ወፉ ስለ እኛ ምን እንደሚያስብ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ከሁሉም የሚገርመኝ ፔል ሜል የተባለው ቀይ ጅራት ያለው የኒውዮርክ ጭልፊት ነው። በ1990ዎቹ መጥቶ ሀብታሞች በሚኖሩበት በአምስተኛው ጎዳና፣ አንድ ሕንፃ ላይ ጎጆ ሠራ። ጎጆውን ያቆመው በምን ላይ መሰላችሁ? ርግብ እንዳታርፍ በተተከለው የብረት እሾህ ላይ። ለርግብ መከልከያ የሆነው ለእሱ መሠረት ሆነለት። በ2004 መጨረሻ የሕንፃው አስተዳዳሪዎች ጎጆውንም እሾሁንም አስነሡ። ከተማው ተንጫጫ። ሰልፍ ተወጣ። እዚያው ሕንፃ ትኖር የነበረችው ተዋናይት ሜሪ ታይለር ሙር ሳትቀር ተቃወመች። አስተዳዳሪዎቹ በዚያው ወር እሾሁን መልሰው ተከሉ፤ ጎጆ መደገፊያም ጨመሩበት። ላባ ያላበቀለ ተከራይ ከቤቱ ሲባረር እንዲህ ያለ ሰልፍ የሚወጣለት አይመስለኝም።

ፍቅራችን የሚፈተነው ጥፍሩ ወደ ሳህናችን ሲዞር ነው። እንግሊዝ ውስጥ ቀይ ጭላት የሚባለው ወፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ተኩሰውም መርዘውም ጨረሱት። ከ1989 ጀምሮ ከስፔን ጫጩት እያመጡ መልሰው አረቡት። አሁን በሺዎች ይቆጠራል። ሰው ከፍቅሩ ብዛት በየጓሮው ሥጋ ይወረውርለት ጀመር። ጭላት ደግሞ ሞኝ አይደለም። ሰው ባለበት ሥጋ አለ የሚለውን ትምህርት በአንድ ሴሚስተር ጨረሰ። ከዚያ መናፈሻ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው እጅ ላይ መውረድ መጣ።

የጎረቤት ጠብ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው። የትም ቢሆን ንግግሩ ይሄው ይመስለኛል።

«እርስዎ ነዎት ያስለመዱት!»

«እኔ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ቁራጭ ነው የምጥልለት። የልጅዎን ሳንድዊች ንጠቅ አላልኩትም።»

ጭልፊት ርግብ ሲነጥቅ «የተፈጥሮ ሕግ ነው» ያልን ሰዎች፣ ጭላት ሳንድዊች ሲነጥቅ «አገሩ ሕግ የለውም ወይ» እንላለን። የርግቧ ቤተሰብ ቢጠየቅ ሕጉ ላይ ሌላ አስተያየት ይኖረው ነበር። ዴልሂ ውስጥ ደግሞ ጥቁሩ ጭላት ጎጆው አጠገብ ባለ ሰገነት ላይ ልብስ ለማስጣት የወጣን ሰው አናቱን ይጠልዘዋል። በጎጆው በኩል ካየነው ሰውየው ነው ሰፈር የበጠበጠው።

ስለ ጎጆ ካነሣን አይቀር፣ ይሄ ጥቁር ጭላት ከእኛ ጋር አንድ የሚያመሳስለው ጠባይ አለው። ቤቱን ያሳምራል። ነጭ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ከየቆሻሻው እየለቀመ ጎጆው ላይ ያነጥፋል። በስፔን፣ ዶኛና በተባለ ብሔራዊ ፓርክ የተደረገ ጥናት በ2011 ታትሞ ነበር። ተመራማሪዎቹ እንዳገኙት ከሆነ ጌጡ ለውበት ብቻ አይደለም። «እዚህ ያለሁት ጉልበተኛ ነኝ፣ እንዳትጠጋ» የሚል ማስታወቂያ ነው። ብዙ ፕላስቲክ ያለው በእርግጥም ብርቱ፣ ጥሩ ቦታ የያዘና ብዙ ጫጩት የሚያሳድግ ነው። ደካማው፣ ሽማግሌውና ገና ልጅ የሆነው አያጌጥም። ፕላስቲክ አጥቶ አይደለም፤ ፕላስቲክማ በየሜዳው ወድቋል። ከአቅሙ በላይ ካጌጠ ጎረቤቶቹ «እስቲ እንየው» ብለው ይመጡበታል፤ ጉልበቱን ይፈትኑታል። ተመራማሪዎቹ በጎጆዎቹ ላይ ከራሳቸው ፕላስቲክ ቢጨምሩ ወፎቹ እያነሡ ጣሉት። «ኧረ እኔ ይሄን አልችልም» እንደማለት።

ደንቡ ለሰው ይውጣ ቢባል፣ በዚያው ቀን ማታ ከየግቢው ስንት ሶፋ፣ ስንት ቴሌቪዥን፣ ስንት በብድር የተገዛ መኪና በጓሮ በር ሲወጣ ባየን። ጎረቤትም በጨለማ ሲያገኘን፣ ግራ ተጋብተን «ለእጥበት ነው» እንላለን።