ስብሰባውን አዳማ መውሰድ ይጠቅማል?

ብዙ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ዕቅድ ለመገምገም ሠራተኛቸውን ይዘው አዳማ ይወርዳሉ። እንዲህ ሲሆን ስብሰባው ፍሬ ያፈራል? አዳማ ሆቴል ውስጥ የምትሠራ የአዳራሽ አስተባባሪና ከአዲስ አበባ የመጣ ቃለ ጉባኤ ያዥ ተከራክረውበታል።

አስተባባሪዋ፦ የቢሮ ስብሰባን እርስዎም ያውቁታል። ኃላፊው "ለአንድ ፊርማ" እየተባሉ ይጠራሉ። ሌላው "ባለጉዳይ መጥቶብኝ ነው" ብሎ ይወጣና በዚያው ይቀራል። እዚህ ማን ይጠራቸዋል? በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማለዳ ተነስቶ ለመምጣት ቅርብ ነው፤ "ቢሮ ደርሼ ልምጣ" ለማለት ግን ይርቃል።

ቃለ ጉባኤ ያዡ፦ እህቴ፣ ሁለት ቀን ከተመደበ ወሬው ሁለት ቀን ይፈጃል። ፓርኪንሰን የተባለ እንግሊዛዊ በ1955 እ.ኤ.አ. ሥራ የተሰጠውን ጊዜ እስኪሞላ ይለጠጣል ብሎ ጽፏል። የኛን ቢያይ ምን ሊል ነው! የመጀመሪያው ጠዋት በምዝገባና በመክፈቻ ንግግር ያልቃል። ከዚያ ቀድሞ በኢሜይል የደረሰን ሪፖርት በስላይድ ይነበብልናል። "መድረኩ ክፍት ነው" ሲባል አንዱ ተነስቶ "ከእኔ በፊት የተናገሩት እንዳሉት" ይላል፤ ያሉትንም መልሶ ይለዋል። የከሰዓቱን ሙቀት እንኳ ተይው። ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ብዕሬ የሚቆመው "ማን ይሥራው? እስከ መቼ?" ላይ ነው። "በሚመለከተው አካል እንዲታይ" ብዬ እዘጋዋለሁ። ውሎ አበሉ ግን ለእያንዳንዱ በስሙ ይፈረምበታል።

አስተባባሪዋ፦ አበሉን እንደሚያነሱ አውቄ ነበር! እሱ የመሥሪያ ቤታችሁ ጉዳይ ነው። ለመሆኑ ቀድሞ የደረሰውን ሪፖርት ስንቱ አንብቦ ይመጣል? አማዞን ኩባንያ ውስጥ የኃላፊዎች ስብሰባ ስላይድ ቀርቶ፣ ሁሉም ጽሑፉን እዚያው በዝምታ በማንበብ ይጀመራል። ለዚህ ስልክ የማይጮህበት አዳራሽ ይሻላል።

ቃለ ጉባኤ ያዡ፦ ዝምታውን ተቀብያለሁ። ለዝምታ ግን አዳማ ድረስ? የቢሮውን በር ዘግቶ ግማሽ ሰዓት ማንበብ ይቻላል። ኃላፊው እንደሆነ እዚህም ስልካቸውን ይዘው ነው የሚመጡት።

አስተባባሪዋ፦ እሱስ እውነት ነው፤ በረንዳ ላይ ቆመው ሲያወሩ አያቸዋለሁ። እሺ፣ ለሪፖርት አትምጡ። ሁለት የሥራ ክፍሎች በጀት ላይ ሲጣሉ ወይም ዕቅዱ ከሥሩ ሲቀየር ግን ኑ። እሱ በአንድ ሰዓት አይቋጭም። ሰው የልቡን የሚያወራው ደግሞ ራት ላይ ነው።

ቃለ ጉባኤ ያዡ፦ የራት ወሬ ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይገባም እኮ። በማግስቱ መኪና ከመሳፈራችን በፊት የሥራው ባለቤትና ቀኑ ካልተጻፈ እኔ አልፈርምም።